የአልኮል መቆለፊያ መኪናችሁ ላይ ለማስገጠም፦ ለወሎ ባለንብረቶችና ስምሪት ሠራተኞች

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርደውን መንገድ የሚያውቅ ሰው ስለ ፍሬን ብዙ ያወራል። ስለ ሾፌሩ ትንፋሽ የሚያወራ ግን ጥቂት ነው። እኔም ለዓመታት አላወራሁም።

በጥር፣ ሰርግ በበዛበት ሰሞን፣ ሌሊት 11 ሰዓት ላይ መናኸሪያ ሄድኩ። የሚኒባሴ ሾፌር ቅርንፉድ ያኝካል። በዚያ ሰዓት ቅርንፉድ የሚያኝክ ሾፌር ምን እንደሚሸፍን አውቃለሁ። "ደህና ነህ?" አልኩት። "አብሽር ጋሼ፣ ተኝቼ ነው የመጣሁት" አለኝ። ተሳፋሪው ሞልቷል። ረዳቱ በሩን ይዞ ቆሟል። ዝም አልኩ። ቁልቁለቱ መሀል አንድ መታጠፊያ ላይ መስመሩን ስቶ፣ ሽቅብ ከሚመጣ ኤፍኤስአር የጭነት መኪና ጋር ጎን ለጎን ተፋፋቁ። መስታወቱም በሩም ሄደ። ሰው አልተጎዳም፣ አልሐምዱሊላህ። ግን 12 ሰው ነበር ውስጡ።

ያን ማለዳ በእጄ ቁጥር የሚያሳይ ዕቃ ቢኖረኝ ኖሮ እኔም ዝም አልልም፣ እሱም አይከራከርም ነበር። የአልኮል መቆለፊያ የምለው ሾፌሩ ነፍቶበት ትንፋሹ ውስጥ አልኮል ካገኘ ሞተሩ እንዳይነሳ የሚያደርግ ዕቃ ነው። ከዚያ በኋላ የተማርኩትን በቅደም ተከተል ላስቀምጥላችሁ። አንድ ሚኒባስ ላለውም፣ አምስት የጭነት መኪና ለሚያሰማራም ይሆናል።

1. ዕቃ ከመግዛታችሁ በፊት ደንቡን ጻፉ

ብዙ ሰው በማሽኑ ይጀምራል። ማሽኑ ቀይ ሲያበራ ምን እንደሚደረግ ማንም አልተስማማምና በሳምንቱ መሳቢያ ውስጥ ይገባል። ስለዚህ መጀመሪያ ወረቀት ያዙ።

ደንቡ አጭር ይሁን። ለሥራ የሚነሳ ሾፌር ትንፋሹ ዜሮ መሆን አለበት። ሕጉ እስከ ስንት እንደሚል ከከተማችሁ ትራፊክ ፖሊስ ጠይቃችሁ ማወቅ ጥሩ ነው፤ የቤታችሁ ደንብ ግን ዜሮ ይሁን። "ትንሽ ይፈቀዳል" ካላችሁ ትንሹ ስንት ብርሌ እንደሆነ ዕለት ዕለት ስትከራከሩ ትኖራላችሁ።

ሁለተኛው ነገር ማን ይነፋል የሚለው ነው። ሁሉም። ባለንብረቱ መሪውን የሚይዝ ከሆነ እሱም ይነፋል። የተጠረጠረው ብቻ የሚነፋበት ቤት ውስጥ መንፋት ስድብ ይሆናል።

ሦስተኛው ገንዘቡ ነው። እዚህ ላይ አቋሜ ጠንካራ ነው፦ መጀመሪያ ቀይ ያሳየ ሾፌር የዕለት አበሉን ይዞ ቤቱ ይግባ። ብሩን ከቆረጣችሁበት በሚቀጥለው ጊዜ የሚያስበው እንዴት እንደሚያመልጣችሁ ነው። ለሁለተኛው ጊዜ ያለ አበል፣ ለሦስተኛው ደግሞ ከመሪ መውረድ ብላችሁ ጻፉ። ተተኪ ሾፌር ከነስልኩ እዚያው ደብተር ላይ ይስፈር። ተተኪ የሌለው ደንብ 11 ሰዓት ላይ ይፈርሳል፤ ተሳፋሪ እየጮኸባችሁ ማሽኑን የምታምኑበት ልብ አይኖራችሁም። ሾፌሩም ረዳቱም አንብበው ይፈርሙ።

2. የሌሊቱን ሂሳብ ለሾፌሩ አሳዩት

"ትናንት ማታ ነው የጠጣሁት" የሚለው ቃል ውሸት ላይሆን ይችላል። ሰውየው ሰከርኩ ብሎ አያስብም። ስለዚህ ሂሳቡን በወረቀት አስልታችሁ አሳዩት።

የሰው ጉበት አልኮልን የሚያስወግደው በዝግታ ነው። በአማካይ በሰዓት ከአንድ ሊትር ደም ውስጥ 0.15 ግራም ገደማ ይቀንሳል። አንድ ሰው እኩለ ሌሊት፣ ማለትም 6 ሰዓት ላይ መጠጣት ሲያቆም ደሙ ውስጥ በሊትር 1.2 ግራም አለ እንበል። እስከ 11 ሰዓት አምስት ሰዓት ነው። አምስት ጊዜ 0.15፣ 0.75 ይሆናል። 0.45 ቀርቷል። በስዊድን ሕግ 0.2 ያስጠይቃል። ይህ ሰው ተኝቷል፣ ፊቱን ታጥቧል፣ ቡና ጠጥቷል፤ ደሙ ውስጥ ያለው ግን ከዚያ ሕግ ከእጥፍ በላይ ነው።

ቡና ያነቃል እንጂ አልኮሉን አያወጣም። ቀዝቃዛ ውሃም፣ ትኩስ ሾርባም፣ ቅርንፉድም እንደዚያው። የሚሠራው ሰዓት ብቻ ነው። ደግሞ የቤት ጠላና አረቄ ጠርሙሱ ላይ መጠን የተጻፈበት አይደለም። የአንዷ ቤት አረቄ ከሌላዋ ይለያል። ስለዚህ በመለኪያ ቆጥሬያለሁ የሚል ሾፌርም ትክክለኛውን አያውቅም።

ስለ ጨብሲ ሳልናገር አላልፍም። ረጅም መንገድ የሚነዳ ሾፌር ቀን ጫት ይቅማል፣ ማታ ምርቃናውን ለመስበር ይጠጣል፣ ሌሊት ይነሳል። መመርመሪያው የሚያየው አልኮሉን ብቻ ነው። ጫቱንም የእንቅልፍ እጦቱንም አያይም። አረንጓዴ መብራት "ይህ ሰው ለመንገድ ብቁ ነው" ማለት አይደለም። ዓይኑን እያያችሁ "ስንት ሰዓት ተኛህ?" ብላችሁ የምትጠይቁት እናንተ ናችሁ።

3. በእጅ በሚያዝ መመርመሪያ ጀምሩ

መኪና ላይ የሚገጠመው ውድ ነው፣ ገጣሚም ይፈልጋል። ለሁለት ለሦስት ወር በእጅ በሚያዝ መመርመሪያ ሥሩ። ልማዱ ከገባ መቆለፊያው ይቀላል።

ስትገዙ አንድ ጥያቄ ብቻ አጥብቃችሁ ጠይቁ፦ ውስጡ ያለው ሴንሰር ምንድን ነው? ሁለት ዓይነት በብዛት አለ። አንደኛው ሴሚኮንዳክተር የሚባለው ነው። ርካሽ ነው፣ ኢንተርኔት ላይ ሞልቷል። ችግሩ የሲጋራ ጭስም፣ የነዳጅ ትነትም፣ የአየሩ እርጥበትም ያሳስተዋል። ሁለተኛው ፊውል ሴል ነው። የፕላቲኒየም ሽፋን ላይ አልኮሉ ሲያርፍ ኬሚካላዊ ለውጥ ይመጣል፤ ጥቂት ኤሌክትሪክ ይፈጠራል። ብዙ አልኮል ብዙ ኤሌክትሪክ ነው። ትራፊክ ፖሊሶች በብዙ አገር የሚይዙት ይህን ዓይነቱን ነው። የሰው እንጀራ የሚወሰንበት ዕቃ ስለሆነ ፊውል ሴል ካልሆነ አትግዙ።

ከዚያ ቁጥሩን ማንበብ ተማሩ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። አንዱ ማሽን በፐርሰንት ይጽፋል፣ አንዱ በሊትር ደም ስንት ግራም ብሎ፣ አንዱ ደግሞ በሊትር ትንፋሽ ስንት ሚሊ ግራም ብሎ። 0.05፣ 0.5 እና 0.25 ብታዩ ሦስት የተለያዩ ሰዎች ሊመስሏችሁ ይችላሉ። በሦስቱ አጻጻፍ ግን ተመሳሳይ መጠን ነው። የማሽናችሁን መለኪያ በትልቁ ጽፋችሁ ጀርባው ላይ ለጥፉ።

4. ማለዳ ላይ አስነፉ

ሾፌሩ ከመንፋቱ በፊት ለ15 ደቂቃ ምንም አይብላ፣ አይጠጣ፣ አያጭስ። ምክንያቱም አፍ ውስጥ የቀረ ነገር ከሳንባ የሚመጣውን ያዛባል። ለአፍ መጉመጥመጫ የሚሸጠው ፈሳሽ ውስጥ አልኮል ያለበት አለ። ትኩስ ዳቦና ኮምጠጥ ያለ ቀሪቦም እርሾ ስለነካቸው አፍ ላይ ጥቂት ሊያስቀሩ ይችላሉ። አልኮል ነክቶት የማያውቅ ሾፌር ቀሪቦ ጠጥቶ ቀይ ቢያይ ክብሩ ይነካል። ስለዚህ በንጹሕ ውሃ አስጉመጥምጡትና 15 ደቂቃ ጠብቃችሁ ድገሙ። ከአፍ የመጣ ከሆነ ይጠፋል። ከሳንባ የመጣ ከሆነ በ15 ደቂቃ የትም አይሄድም።

ለየሰው የየራሱ አዲስ መንፊያ ስጡ። እጃችሁን በሳኒታይዘር ካጸዳችሁ እስኪደርቅ ቆዩ። ነዳጅ እየተቀዳ ባለበት አጠገብ አታስነፉ። የደሴ ብርድ ላይ ማሽኑን ሌሊቱን ውጭ አታሳድሩት፤ ኮት ኪስ ውስጥ ይሙቅ።

ደግሞ ከተሳፋሪ ፊት አታስነፉ። ከመኪናው ኋላ ወይም ከስምሪት ክፍሉ ጎን ይሁን። ሰውየው ረጅም ትንፋሽ ስቦ፣ ማሽኑ እስኪጮህ ሳያቋርጥ ይንፋ። ቁጥሩን እሱም ይየው። ደብተሩ ላይ ሰዓቱንና ቁጥሩን ጽፎ ራሱ ይፈርም።

5. መቆለፊያው፦ ምን እንደሆነና ምን እንደምትጠይቁ

መኪና ላይ የሚገጠመውን ኢንተርሎክ ይሉታል። አሳቡ አዲስ አይደለም፤ አሜሪካ ውስጥ በ1969 ተሠርቷል። ስዊድን በ1990ዎቹ መጨረሻ የጭነትና የሕዝብ መኪኖች ላይ መሞከር ጀመረች። ፈረንሳይ ከመስከረም 2015 ጀምሮ አውቶቡሶቿ እንዲኖራቸው አስገደደች። ሁሉም በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ሁለት ክፍል አለው። አንዱ ከዳሽቦርዱ ሥር የሚደበቅ ሳጥን ነው። ሌላው ሾፌሩ የሚነፋበት በገመድ የተያያዘ እጀታ። ቁልፉ ሲዞር መኪናው መብራት ያገኛል፣ ሞተሩን የሚያስነሳው ሞተሪኖ ግን አይዞርም። ተነፍቶ አረንጓዴ ሲሆን ሳጥኑ ውስጥ ያለው ሪሌ የሚባል ማብሪያ የሞተሪኖውን መስመር ያገናኛል። ቀይ ከሆነ መስመሩ እንደተቋረጠ ይቀራል።

አሁን ከሁሉ በላይ እንድትይዙልኝ የምፈልገውን ልንገራችሁ። ትክክለኛ መቆለፊያ ሞተር እንዳይነሳ ያደርጋል። የተነሳን ሞተር አያጠፋም። በርካሽ የሚሸጡ፣ ወይም ሠፈር ውስጥ ተገጣጥመው የሚሠሩ፣ እየሄደ ያለን መኪና ነዳጅ የሚቆርጡ ዕቃዎች ልታዩ ትችላላችሁ። አትንኳቸው። ቁልቁለት ላይ 12 ሰው የጫነ ሚኒባስ ሞተሩ ጠፋ እንበል። መሪው ይከብዳል። ፍሬኑን አንዴ ሁለቴ ከረገጠው በኋላ ፔዳሉ ድንጋይ ይሆናል። በንፋስ ፍሬን የሚሄድ የጭነት መኪና ከሆነ ደግሞ ንፋሱን የሚሞላለት የለም። ሰክሯል ብላችሁ የፈራችሁለትን ሾፌር ፍሬን አልባ አደረጋችሁት ማለት ነው። ሻጩን "እየሄደ ሞተር ያጠፋል ወይ?" በሉት። "አዎ" ካለ ተመለሱ።

ሌላው ጥያቄ ባትሪው ነው። ሚኒባሶቻችን 12 ቮልት ናቸው። ኤፍኤስአር 24 ነው። ዕቃው ለሁለቱም የሚሆን መሆኑን ወረቀቱ ላይ እዩ። ኢኤን (EN) 50436 የሚል የአውሮፓ ደረጃ ቁጥር ካለው ጥሩ ምልክት ነው። ያ ደረጃ ለዚሁ ዕቃ የወጣ ነው። ማን ያስተካክለዋል የሚለውንም ሳትከፍሉ በፊት ጠይቁ፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

6. ማስገጠም

ጎበዝ ኤሌትራውቶ ይዛችሁ ሂዱ። አብራችሁት ቁሙ። ሥራው ግማሽ ቀን ይበቃዋል።

ባትሪው መጀመሪያ ይፈታ። ሳጥኑ አራት ነገር ይፈልጋል፦ ቋሚ መብራት ከባትሪ በራሱ ፊውዝ በኩል፣ ቁልፍ ሲዞር የሚመጣ መብራት፣ ጥሩ ማሳ (ከመኪናው ብረት ጋር የሚያያዘው መስመር)፣ እና የሞተሪኖው መስመር። የሚቆረጠው ከቁልፉ ወደ ሞተሪኖው ሶሌኖይድ የሚሄደው ቀጭኑ ሽቦ ነው፤ ወፍራሙ የባትሪ ገመድ አይነካም። የቁልፉ ሌላ መስመር፣ የነዳጅ መዝጊያው፣ የመብራቱ፣ አንዳቸውም አይቆረጡ። ኤሌትራውቶው "በነዳጁ በኩል ይቀላል" ካላችሁ፣ አይሆንም በሉት። የተቆረጠው ሽቦ በብየዳ ይያያዝና በሙቀት በሚኮማተር ላስቲክ ይሸፈን። በስኮች ብቻ የታሰረ ሽቦ በኮረኮንች መንገድ ወር አይቆይም።

እጀታው ሾፌሩ ሳይጎነበስ የሚደርስበት ቦታ ይሁን። ፀሐይ አያግኘው። ባቲና ሚሌ በረሃ የምትወርዱ ከሆነ ይህን አትርሱ፤ ዳሽቦርድ ላይ የተቀመጠ ዕቃ ይጋገራል። ሲያልቅ ማያያዣዎቹ ላይ ምልክት ያለው ማሸጊያ አስደርጉና ፎቶ አንሱ።

ከዚያ ሁለት ቅንብር አለ። አንደኛው፣ ሞተር ከጠፋ በኋላ ሳይነፋ ስንት ደቂቃ ድረስ ማስነሳት ይቻላል የሚለው ነው። ይህን ዜሮ አታድርጉት። ዳገት ላይ ሞተር ሲጠፋ፣ ከኋላ መኪና ተደርድሮ፣ ሾፌሩ ገና ሊነፋ አይገባም። ከ10 እስከ 20 ደቂቃ ይበቃል። ነዳጅ መቅዳትም ተሳፋሪ ማውረድም በዚያ ውስጥ ያልቃል። የምሳ ዕረፍት ግን አያልፍም፤ ከምሳ ሲመለስ መንፋት አለበት። ሐርቡ ወይም ከሚሴ ላይ ምሳ ሲበላ አንድ ቢራ የከፈተ ሾፌር የሚያዘው እዚያ ነው።

ሁለተኛው መንገድ ላይ የሚጠየቅ ድጋሚ ምርመራ ነው። ማሽኑ ይጮሃል፣ ሾፌሩም የተወሰኑ ደቂቃዎች ይሰጠዋል። እየነዳ እንዳይነፋ፣ ዳር ይዞ ቆሞ እንዲነፋ አስለምዱት። የመንገዳችሁን መቆሚያዎች ቁጭ ብላችሁ አብራችሁ ለዩ፤ ሐይቅ አለ፣ ውጫሌ አለ፣ መርሳ አለ። ካልነፋ ወይም ቀይ ከሆነ ማሽኑ ይመዘግባል፣ ይጮሃል፤ አንዳንዱ ክላክስ ያሰማል፣ መብራት ያበራል። ሞተሩ ይቀጥላል።

7. የሚያመልጡበት መንገድ

መጀመሪያ የሚመጣው ሐሳብ ረዳቱ ይንፋልኝ ነው። አንዳንድ መቆለፊያ ካሜራ አለው፤ አንዳንዱ በተወሰነ አነፋፍ፣ ለምሳሌ እያንጎራጎሩ መንፋትን ይጠይቃል። ካሜራ ያለውን ብትገዙ እመርጣለሁ። ከሌለው ደግሞ ደንቡ ላይ ለሾፌር የነፋ ረዳት ከሾፌሩ እኩል ይጠየቃል የሚል ጨምሩ።

ሁለተኛው የኛው አገር ጉዳይ ነው። ደሴ ተዳፋት ናት። ሞተሪኖ የሌለው መኪና ሌሊት አናት ላይ አድሮ፣ ጠዋት ለቆ በማርሽ ይነሳል። ሁላችንም ሠርተነዋል። መቆለፊያው ሞተሪኖውን ብቻ ስለሚይዝ በግፊት የተነሳን መኪና አያቆመውም። ግን ደህናው ዕቃ ሳይነፋ ሞተር እንደተነሳ በባትሪው ቮልት ወይም በንዝረቱ ያውቃል፤ ሰዓቱን ይመዘግባል። "ያለ ምርመራ መነሳት ይመዘገባል ወይ?" የሚለው ለወሎ ሰው ከዋጋው በፊት የሚጠየቅ ጥያቄ ነው።

ባትሪ መፍታትም ይመዘገባል። ጋራዥ ሲገባ ሾፌሩ ቀድሞ ይንገራችሁ፣ ደብተር ላይ ይጻፍ። አለበለዚያ ንጹሑን ሰው ትጠረጥራላችሁ።

8. ማስተካከያ

ፊውል ሴል እያረጀ ሲሄድ ቁጥሩ ይንሸራተታል። ስለዚህ መጠኑ በሚታወቅ የአልኮል ጋዝ ወይም ትነት እየተለካ መስተካከል አለበት። እንደየዕቃው በየ6 ወሩ ወይም በየዓመቱ ነው። እናንተ ቤት አረቄ ተጉመጥምጣችሁ የምታደርጉት ሙከራ ማሽኑ መንቃቱን ብቻ ያሳያል፣ ቁጥሩ ትክክል መሆኑን አያሳይም። እንዲያውም አዘውትሮ ኃይለኛ አረቄ የተነፋበት ሴንሰር ቶሎ ይደክማል።

ሻጩ አዲስ አበባ ከሆነ፣ ዕቃው ለማስተካከያ ሲሄድ እናንተ ባዶ እጃችሁን ትቀራላችሁ። በእጅ የሚያዘውን ሁለት አድርጉት። የማስተካከያውን ቀን መኪናው ውስጥ ከቦሎው ቀን አጠገብ ጻፉት።

9. መዝገቡን አንብቡ

በወር አንዴ መዝገቡን አውጥታችሁ ከሾፌሩ ጋር ተቀመጡ። አንድ ቀይ ሰርግ ሊሆን ይችላል። በየሰኞ ማለዳ የሚመጣ ቀይ ግን ሌላ ነገር ነው። ያ ሰው ቅጣት አያድነውም፤ ሐኪም ያስፈልገዋል፣ ቤተሰቡም መስማት አለበት። ሽማግሌ ወይም የሚያከብረው አባት፣ ሼኽ፣ የንስሐ አባት ካለ በእሱ በኩል ሂዱ። በውጭ አገር የታየው እንደሚለው ጠጥተው ሲነዱ የተያዙ ሰዎች መቆለፊያው እስካለ ድረስ ድጋሚ መያዛቸው ይቀንሳል፣ ሲነሳ ብዙው ለውጥ ይጠፋል። ዕቃው ሰውየውን አያክመውም።

10. አዳዲስ መኪኖች

"እንግዲህ አዲሱ መኪና ራሱ ያውቃል" የሚል ትሰሙ ይሆናል። (እዚህም ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) አሜሪካ ውስጥ ከ2008 ጀምሮ ሾፌሩ ሳይነፋ ትንፋሹን ከአየሩ ላይ የሚለይ፣ ወይም ጣቱን ነክቶ በብርሃን የሚለካ ሴንሰር እየተሠራ ነው። በ2021 የወጣ ሕግም አዳዲስ መኪኖች ላይ ጠጥቶ መንዳትን የሚከላከል ቴክኖሎጂ እንዲገባ አዝዟል። በአውሮፓ ኅብረት ከሐምሌ 2024 ጀምሮ የሚሸጥ አዲስ መኪና መቆለፊያ ለማስገጠም የተመቻቸ መሆን አለበት። እኛ የምንነዳው አብዛኛው ያገለገለ መኪና ስለሆነ ያ እስኪደርስ አትጠብቁ።

11. የበዓል ሰሞን

የግሸን ጉዞ መስከረም 21 ነው። ከዚያ በፊት ባሉት ቀናት መኪና ሁሉ ይፈለጋል፤ ሾፌር ሌሊትና ቀን አይለይም። ጥር ደግሞ የሰርግ ነው። ለእነዚህ ሰሞናት ሁለት ተተኪ ሾፌር ቀድማችሁ ያዙ፣ መንፊያ በብዛት ይኑራችሁ። ሾፌሩ ራሱ የሚድረው ወንድም ወይም እህት ካለው ከሰርጉ ማግስት ያለውን ቀን ሙሉ ፈቃድ ስጡትና ቁልፉን ማታውኑ ተቀበሉት።